ሁለት ድምፅ ያልቻለው መስመር

ደስታነሽ ሰው አታምንም። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም፤ እሷም ብትጠየቅ አትክድም። ሥጋ ስትገዛ ዓይኗ ሚዛኑ ላይ እንጂ ሻጩ ጨዋታ ላይ አይሆንም። ቦዳቦዳ የሚሉትን የሞተር ታክሲ ከተሳፈረች ከቤቷ አንድ መታጠፊያ አልፋ ትወርድና፣ ሞተረኛው ዞር እስኪልላት ጠብቃ በእግሯ ትመለሳለች። ቤተ ክርስቲያን ስትገባ እንኳ ጫማዋን ከሰው ጫማ ነጥላ፣ ቆማ በምታየው ቦታ ነው የምታኖረው። ጎረቤቶቿ ይስቁባታል። እሷ ደግሞ መሳቃቸውን ራሱን ትጠረጥረዋለች።

በኬንያ በኩል ያለው ሞያሌ ለእንዲህ ዓይነት ሰው የተመቸ ከተማ ነው። ትናንት አስፋልቱ ዳር ቆሞ የነበረው የጭነት መኪና ዛሬ የለም። ጠዋት የሻሸመኔ ልጅ ነኝ ያለ መንገደኛ ከሰዓት በኋላ የሆሳዕና ልጅ ሆኖ ይገኛል። ድንበር ላይ ሰው ሁለት ስም፣ ሁለት ቋንቋ፣ ሁለት ሲም ካርድ ይይዛል፤ የትኛው እውነተኛው እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ይፈጃል፣ አንዳንዱንም ሳያውቁት ይሸኙታል።

ደስታነሽ ግን ጥርጣሬን የተማረችው ከከተማው አይደለም። መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ከወታደር ባሏ ጋር ድንበር ተሻግራ የስደተኛ ካምፕ ስትገባ ገና ልጅነቷ አልለቀቃትም ነበር። ባሏ ካምፑ ውስጥ የተመዘገበው በሌላ ስም ነው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የማያውቋቸው ሰዎች ድንኳኑ በር ላይ ቆመው በእውነተኛ ስሙ ጠሩት። ያንን ስም የሚያውቁት በዚያው ሸራ ሥር የሚተኙት ብቻ ነበሩ። ወጣ፣ ሄደ፣ አልተመለሰም። ስሙን ማን አሳልፎ እንደሰጠው እስከ ዛሬ አታውቅም። ከዚያ ወዲህ ስትናገር በነጠላዋ ጫፍ አፏን መሸፈን ልማዷ ሆነ።

ሰው አታምንም ስል ግን ሀዋኦን ሳልቆጥር ነው።

ሀዋኦ የቦረና ሴት ናት፤ ሙስሊም፣ ረዥም፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ። ካምፑ ሲበተን ደስታነሽን በወባ ተይዛ ወደ ቡቲዬ በሚወስደው መንገድ ዳር ግራር ሥር ተኝታ አገኘቻት። የሚግባቡበት ቋንቋ አልነበራቸውም። ሀዋኦ ለገበያ ይዛው ከነበረው ወተት አጠጣቻት፣ ደግፋ ቤቷ ወሰደቻት፣ ከልጆቿ ጋር አስተኛቻት። ስትድን ትሄዳለች ተብሎ ነበር። ዳነች እንጂ አልሄደችም። የሀዋኦን ልጆች አዝላ አሳደገች። የሀዋኦ ባል ሲሞት ከሀዋኦ ጎን የተቀመጠችው እሷ ነበረች። በሮመዳን ደስታነሽ ማፍጠሪያ ታበስላለች፣ በሁዳዴ ደግሞ ሀዋኦ ወተቷን ከእሷ ፊት ታርቃለች። በመካከላቸው የሚነገረው ቋንቋ አማርኛም ቦረንኛም ስዋሂሊም የተቀላቀለበት ነው፤ ሌላ ሰው ቢሰማው ግማሹ ያመልጠዋል፣ ለእነሱ ግን ምንም ጎድሎት አያውቅም። እህት የሚባለው ነገር ከዚህ የተለየ ከሆነ እኔ አላየሁትም።

ሱቃቸውም አንድ ቤት ነው፣ በጣውላ ግድግዳ ለሁለት የተከፈለ፣ መሐሉ ላይ በር ያለው። በአንዱ በኩል ሀዋኦ ወተትና ሻይ ትሸጣለች። በሌላው በኩል ደስታነሽ የስልክ ቤት አላት። ሁሉም ስልኩን ኪሱ ይዞ በሚዞርበት ዘመን የስልክ ቤት ማን ይፈልጋል ትሉ ይሆናል። የኢትዮጵያ ሲሙ ኬንያ ሲገባ የሞተበት ሾፌር ይፈልጋል፤ ስልኩን መንገድ ላይ የቀሙት ወደ ደቡብ ተጓዥ ይፈልጋል፤ ሞባይል አንይዝም ያሉ ሽማግሌ ወላጆች ያሉት ሰው ይፈልጋል። ስልኩ የድሮው ባለገመድ ነው። ገመዱ አንዲት ትንሽ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ሣጥኗ ድምፁን በኢንተርኔት አድርጋ አገር ቤት ታደርሰዋለች፣ ዋጋውም ይረክሳል። ከዚያው ገመድ የተቀጠለ ሌላ ስልክ በሀዋኦ በኩል ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ደስታነሽ ቅዳሴ ወይም ገበያ ስትሄድ ሀዋኦ ደንበኛ እንድታስተናግድበት።

ነገሩ የጀመረው አሮጌዋ ሣጥን ተቃጥላ አዲስ ከናይሮቢ ከመጣች በኋላ ነው። መጀመሪያ ያጉረመረመው ዋርዮ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ነገሌ ለሚኖሩት አባቱ በቤት ስልካቸው ደውሎ ጥቂት እንዳወራ መነጋገሪያውን ከጆሮው አራቀው። የራሱ ድምፅ ትንሽ ዘግየት ብሎ ተመልሶ መጣበት። ከዚያ መስመሩ ማፏጨት ጀመረ፤ ፉጨቱ አድጎ ጩኸት ሆነ፤ የአባቱ ቃል ተቆራርጦ ጠፋ። ዋርዮ ሒሳቡን ከፍሎ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለ።

"እትዬ ደስታ፣ ይህ መስመር ሰው አለበት" አላት። "የሚሰማን ሰው አለ።"

እንዲህ ያለ ቃል ሌላ ሰው ጋ ቢሄድ በአንዱ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ደስታነሽ ጋ ገብቶ ቀረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደንበኞቿን ትታ መስመሩን መጠበቅ ያዘች። የጠበቀችውም አልቀረባትም። አንድ የጉምሩክ ትራንዚት ሠራተኛ አዲስ አበባ ወደ መሥሪያ ቤቱ ደውሎ ዕቃው ደረሰ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ አልደረሰም ይሉታል፣ እሺ ብሎ ይዘጋል፤ መስመሩ ጥርት ያለ ነው። አንድ መንገደኛ ድምፁን ሰምቶ ለማያውቀው ደላላ ይደውላል፤ ያም ጥርት ያለ ነው። እናት ለልጇ ስትደውል ግን ይጮኻል። ባል ከሚስቱ ሲነጋገር ይጮኻል። ምስጢር የሌለው ሲናገር ጤነኛ፣ ምስጢር ያለው ሲናገር በሽተኛ። መበላሸት ቢሆን ኖሮ ሰው አይመርጥም ነበር አለች ለራሷ። መምረጥ የሚችል ሰው ብቻ ነው።

ደስታነሽ ደግሞ በእነዚያ ሳምንታት ምስጢር ነበራት። ወንድሟ በኃይሉ ዲላ በእናታቸው ቤት ይኖራል። እናትየው ካረፉ ወዲህ በቤቱ ስልክ እየደወለች ይነጋገራሉ። በኃይሉ በየጊዜው የሚላት አንድ ነገር ነው። ግማሹ ቤት ያንቺ ነው፣ ሁለቱን ክፍሎች ቀለም አስቀብቼልሻለሁ፣ ከእንግዲህ በሰው አገር ምን ትሠሪያለሽ፣ ነይ። እሷም እሄዳለሁ አላለችም፣ አልሄድምም አላለችም። ለሀዋኦ ግን አልነገረቻትም። ልሂድ ይሆን የሚለው ሐሳብ በልቧ ማለፉ ብቻ ሀዋኦን የከዳች አስመሰለባት፤ አፈረች። የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ደግሞ ግድግዳው ሁሉ የሚያዳምጠው ይመስለዋል።

በኃይሉ ጋ በደወለች ቁጥር መስመሩ ያፏጫል። የራሷ ድምፅ ይመለስባታል፤ ወንድሟም የእኔም እየተመለሰብኝ ነው ይላታል። አንድ ቀን እንዲህ እየሆነ ሳለ ዓይኗ የጣውላውን ግድግዳ አየ። በዚያ በኩል የሀዋኦ ብርጭቆዎች ሲንኳኩ ይሰማት ነበር፤ ዝም አሉ። ያኔ አንድ ነገር ትዝ አላት። ከዓመታት በፊት ሰው እየተነጋገረ ሳለ ሀዋኦ ሳታውቅ በወዲያ በኩል ያለውን ስልክ አንስታ ነበር፤ ያን ጊዜም ድምፁ እንዲህ ቀጥኖና ተመላልሶ ነበር። ደስታነሽ መነጋገሪያውን አስቀመጠችና ወንበሯ ላይ ቀረች። ከሰው ሁሉ፣ ሀዋኦ።

ከዚያ በኋላ ሀዋኦ የምታደርገው ሁሉ ወንጀል ሆነ። ወንድምሽ ደህና ነው ወይ ብላ ብትጠይቅ፣ ለምን ጠየቀች? ሳትጠይቅ ብትውል፣ ስለሰማች ነው። ብትስቅ ልትሸፍን ነው፣ ብትተክዝ ፈርታ ነው። ከስተሻል፣ ምን ነካሽ፣ ክሊኒክ እንሂድ ብላ እጇን ግንባሯ ላይ ብታኖር፣ ደስታነሽ ያንን እጅ ግንባሯ ላይ ሆኖ ትኩሳት ሳይሆን ሐሳብ የሚለካ አስመሰለችው። በአንድ ሰው ላይ ጥርጣሬ ሲጀምር እንዴት እንደሚመገብ ያየ ያውቀዋል፤ ደግ ነገር ብትሰጡትም ይበላዋል። ያሳዝናል፣ ግን እንዲህ ነበር።

ደስታነሽ ሞኝ አይደለችም። ያለ ማስረጃ ሰው አትወነጅልም፤ ስለዚህ ወጥመድ አዘጋጀች። ለበኃይሉ ደውላ ውሸት ተናገረች። ኦዳ የሚባለው ሰፈር ለሚኖር አንድ ነጋዴ በእኔ በኩል ያለውን ሱቅ ልሸጥለት ነው አለችው። እንዲህ ያለ ነጋዴ የለም፤ ለማንም አልተወራም፤ ከሷ አፍና ከስልኩ ገመድ በቀር የትም አልነበረም። መስመሩ እንደ ልማዱ ስለጮኸ በኃይሉ አልሰማም አለ፤ ደገመችለት። አሁንም አልሰማም። ጉሮሮዋ እስኪነቃ ደጋግማ ነገረችው፤ በመጨረሻ ገባው፣ ደስም አለው። እሷም ዘግታ መጠበቅ ጀመረች።

ብዙ አልጠበቀችም። በማግሥቱ ረፋድ ላይ የመሐሉ በር ተከፈተና ሀዋኦ ገባች። ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም። ሱቁን ልትሸጪ ነው ወይ አለቻት።

ደስታነሽ ከወንበሯ ተነሣች። ሀዋኦን ገፋ አድርጋ በመሐሉ በር አለፈች። ሻይ የሚጠጡ ሾፌሮችና ወተት የሚጠባበቁ ሴቶች ቤቱን ሞልተውት ነበር። በእነሱ ፊት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስልክ ያዘችና ከነገመዱ፣ ከነሚስማሩ ነቀለችው። የሁልጊዜ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳታደርግ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ "ባሌን የበላው እንዲህ ያለ ጆሮ ነው" አለች።

ሀዋኦ የደስታነሽ ባል እንዴት እንደሄደ ታውቃለች። ከሀዋኦ በቀር በከተማው ያንን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

"ያ ደስታ" አለች ሀዋኦ፣ በቦረንኛ አንቺ እንደማለት። "አልሰማሁም ብልሽ አታምኚኝም። ሰምቻለሁ ብልሽ ታምኚኛለሽ። እኔ ምን ልበል?"

ደስታነሽ ስልኩን በክንዷ ሥር ይዛ ወደ ራሷ በኩል ተመለሰችና የመሐሉን በር ቀረቀረችው። ያ በር መቀርቀሪያ እንዳለው እንኳ ሁለቱም ረስተውት ነበር።

ያን ምሽት ቤታቸው ውስጥ ሀዋኦ ራቷን ለብቻዋ በላች፤ ደስታነሽም አልበላችም። ልቧ አዝኗል፣ ግን አእምሮዋ ረክቷል። እውነቱን አወቅሁ ብላ ነበር። ባሌን አሳልፎ የሰጠውን ሰው ባላገኘውም ይህችን አገኘኋት፤ ከዚህ በኋላ ቢያንስ መስመሩ ይጸዳል።

መስመሩ ግን አልጸዳም። በሀዋኦ በኩል ስልክ የለም፣ ገመዱም ተቆርጦ ተጠቅልሏል፤ በኃይሉ ጋ ስትደውል ያው ፉጨት፣ ያው ጩኸት። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስብ ነበር። ደስታነሽ ያሰበችው ሀዋኦ ሌላ ገመድ አስገብታ ይሆናል ብላ ነው። ጣውላውን በእጇ እየዳበሰች አየችው፣ ወለሉን ጠርጋ ፈተሸች፣ ጣሪያው ሥር መሰላል ተክላ ወጣች። ምንም ስታጣ ፉንዲ አስጠራች። እዚያ የእጅ ባለሙያ ሁሉ ፉንዲ ነው፤ ይህ ግን በእርግጥ የስልክና የኢንተርኔት ሰው ነበር። ኤባ ይባላል፤ ናይሮቢ ሠርቶ የተመለሰ፣ ፀጉሩ መሸበት የጀመረ፣ ሲሠራ የማይናገር ሰው። ሣጥኗን እንዲጠግን ሳይሆን የተደበቀውን ገመድ እንዲያገኝላት ነገረችው።

ኤባ ፈለገ። ከሣጥኗ ተነሥቶ ውጭ እስከ ምሰሶው ድረስ ገመዱን ተከተለው። ተመልሶ ምንም የለም አላት። ከዚያ ራሱ በኃይሉ ጋ ደወለ። ማንነቱን ነገረው፣ ዝም አለ፣ በኃይሉ መለሰ፣ ዝም አለ፣ ይሰማሃል ወይ አለው፣ ይሰማኛል አለ። መስመሩ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነበር። ደስታነሽ ይህን ስታይ የባሰ ጠረጠረች። ሰሚው እንግዳ ሰው መሆኑን አውቆ ዝም ብሏል አለች። ኤባ ክርክሩን ትቶ እስኪ እንደምትነጋገሩት እናንተው ተነጋገሩ አለና መነጋገሪያውን ሰጣት፤ እሱ ደግሞ ምሰሶው ጋ ያለውን መገጣጠሚያ ለማየት እንደገና ወጣ።

በኃይሉ ደህና ነሽ ወይ ሲል እሷ ደህና ነህ ወይ ብላበታለች። እሱ እግዚአብሔር ይመስገን እያለ እሷ ልጆቹስ እያለች፣ እሷ ደህና ናቸው ሳትሰማ እሱ ጤናሽስ እያለ፣ ዝናቡ፣ ጎረቤቱ፣ ያመማቸው ሁሉ፣ አንዱ በአንዱ ላይ። ዘመድ ከዘመድ ሲገናኝ በእኛ ዘንድ ሰላምታ እንዲህ ነው፤ መልሱ ከጥያቄው ጋር አንድ ላይ ይወጣል፣ ማንም ማንንም አይጠብቅም። ቦረናው እንዲያውም ይብሳል። እየተጠባበቁ በተራ ሰላም የሚባባሉት ከፖሊስ ጋር፣ ከጉምሩክ ሠራተኛ ጋር፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ነው። ሰላምታው ገና ከብቱ ጋ ሳይደርስ መስመሩ አፏጨ፤ ደስታነሽ በኃይሉ የነገራትን የቤቱን ቀለም እየደገመች ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ ጩኸቱም ከፍ አለ።

ኤባ ሲመለስ ፈገግ ብሎ ነበር። የተገናኘውን ስልክ ዘጋና ተቀመጠ። ነገሩን ሲያስረዳት እንዲህ ነው ያለው። ወንድምዎ ሲናገር ድምፁ እዚህ ደርሶ ከፊሉ ከገመዱ ነጥሮ ወደ እሱ ይመለሳል። ሣጥኗ እሱ ብቻ ሲናገር እያዳመጠች ተመላሹ ምን እንደሚመስል ትማራለች፣ ከዚያ እሱን ትቀንሰዋለች፣ ወንድምዎም የራሱን ድምፅ አይሰማም። በዚያኛው ጫፍ ያለችው ደግሞ ለእርስዎ ያንኑ ትሠራለች። ትምህርቷ ግን ሁልጊዜ ነው፤ ቃል በቃል እየተከተለች ትለዋወጣለች። ሁለታችሁ አንድ ላይ ስትናገሩ ታዲያ ይምታታባታል። የእርስዎን ድምፅ የእሱ ተመላሽ ነው ብላ ትወስዳለች። የተሳሳተ ትማራለች። የሌለውን ልቀንስ ስትል ትጨምራለች፤ የጨመረችው ዞሮ ይመጣባታል፤ እሱንም ተመላሽ ብላ ትማረዋለች። ያ ነው የሚጮኸው።

ደስታነሽ ይህን ልትቀበለው አልፈለገችም። ለምን ከትራንዚት ሠራተኛው ጋር አይጮኽም ብላ ጠየቀች።

"እነሱ ይጠባበቃሉ እኮ" አላት ኤባ። "ሣጥኗ ሁለት ሰው አንድ ላይ ሲናገር መማሯን ማቆም ነበረባት። ይህችኛዋን ሲያስገቡ ያንን ሳያስተካክሉት ቀርተዋል።"

ማን እንዲህ በላት ብሎ እንደላከው ጠየቀችው። ኤባ ሳቀ። እርስዎ ነዎት ያስጠሩኝ አላት። የሣጥኗን ማስተካከያ በእጅ ስልኩ ከፍቶ አስተካከለ፣ የተማረችውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ አስነሣት፣ ደስታነሽም መልሳ ደወለች። ከበኃይሉ ጋር እንደፈለጉ ተጯጯሁ፤ መስመሩ አንድ ጊዜ ትንሽ ሻከር አለ እንጂ አላፏጨም። የወንድሟ ድምፅ አጠገቧ ያለ ያህል ነበር። ደስ ሊላት ይገባ ነበር።

ኤባ መሣሪያዎቹን እየሰበሰበ እንደ ቀላል ነገር አንድ ነገር ጨመረ። "እትዬ፣ ከእንግዲህ እንዲያ አይጩኹ። ምሰሶው ጋ ቆሜ የወንድምዎን ቤት የቀለም ዓይነት ሳይቀር ሰማሁ። የቦዳቦዳ ልጆቹም ቆመው እያዳመጡ ነበር። ሁልጊዜ ነው የምንሰማት አሉኝ።"

ደስታነሽ ቆማ ቀረች። የኦዳውን ነጋዴ አሰበች። ጉሮሮዋ እስኪነቃ ደጋግማ የተናገረችውን አሰበች። በጩኸት የተነገረ ውሸት መንገዱን ሁሉ አዳርሶ፣ ሞተረኛው ለሻይ ጠጪው ነግሮ፣ ሻይ ጠጪው ለሀዋኦ ነግሮ፣ ሀዋኦ ደግሞ በር ከፍታ ፊት ለፊት ጠየቀቻት። መጠየቋን ነበር ማስረጃ ያደረገችው። አፈረች፤ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

ደስታነሽ መቀርቀሪያውን ከፍታ የገባችው ሀዋኦ ለብቻዋ በነበረችበት ሰዓት ነው። ሁሉንም ነገረቻት። ሣጥኗን፣ ወጥመዱን፣ ነጋዴ የሚባል አለመኖሩን፣ የዲላውን ቤትም ቀለሙ እንኳ ሳይቀር። ልሂድ አልሂድ አላውቅም፣ እሱን ለአንቺ መንገር ፈርቼ ነው አለቻት። እግሯ ሥር ልትወድቅ ስትል ሀዋኦ በክንዷ ያዘቻት። ይቅር ብዬሻለሁ አለቻት፤ ወዲያው፣ ሳታስለምናት። ወተት ቀዳችላት። ስልኩን መልሰው በቦታው ሰቀሉት፤ ሚስማሩን ሀዋኦ ራሷ መታችው። ደስታነሽ ያን ቀን እያለቀሰች እያመሰገነች ዋለች። ሾፌሮቹም እህትማማቾቹ ታረቁ ብለው ተሳሳቁ።

በማግሥቱ ጠዋት ደስታነሽ እንደ ወትሮዋ በመሐሉ በር ገባች። ነጋ ቡልቴ፣ ደህና አደርሽ፣ ልጆቹ ደወሉ ወይ፣ ፍየሏ ወለደች ወይ፣ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ፣ ነጋ፣ ፈያ፣ ሰላም፣ ጤና እያለች በዚያ በራሳቸው ቋንቋ ታወርደው ጀመር። በዚህ ሁሉ ዓመት እሷ ነጋ ስትል ሀዋኦ ከላይዋ ደራርባ፣ ከልጆቹ ወደ ፍየሉ፣ ከፍየሉ ወደ እሷ ራስ ምታት፣ ማን ምን እንዳለ ሳይታወቅ ሁለቱም በአንድ ላይ ነበር የሚጨርሱት።

ሀዋኦ ያጠበችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። እጇን በሽርጧ ጠረገች። ደስታነሽ እስክትጨርስ ድረስ፣ ፊቷን እያየች፣ በጨዋነት ዝም ብላ አዳመጠች። ደስታነሽ አንድ ቦታ ላይ ቃል ጠፋትና ቆመች።

"ነጋ" አለች ሀዋኦ ያን ጊዜ። "ልጆቹ ደህና ናቸው። ፍየሏ ገና ናት። ወገቤም ተሽሎኛል። አንቺስ ደህና አደርሽ?"

ብላ ጠበቀች። በቤቱ ውስጥ የሻዩ ውኃ ሲፈላ ይሰማ ነበር። ደስታነሽ ያ ዝምታ ለማን እንደሚሰጥ ታውቃለች፤ ለፖሊሱም ለጉምሩክ ሠራተኛውም እሷ ራሷ ስትሰጠው ኖራለች። ልቧ ተሰበረ። ተራዋ ስለነበር ደህና አድሬያለሁ ብላ መለሰች።